ሦስቱ አምፖሎች አብረው ሲጠፉ

በዚያ ጄኔሬተር ቤት ውስጥ «ቆይ» የሚለውን ቃል የእሷን ያህል የተናገረ ሰው የለም። ስለዚህ እናቷ ያወጡላት ስም ቀስ በቀስ ተረሳና እትዬ ቆይ ሆና ቀረች። ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣላት ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ እሷም አትጠላውም። አገጯን ቀና አድርጋ «ይሄ ስም ተሠርቶበት የተገኘ ነው» ትላለች። ሥራዋ ከወንዙ ዳር በተሠራው ቤት ውስጥ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ፊት መቆም፣ ውሃ የሚያዞረውንም ማሽን ከሩቅ ከሚመጣው ትልቅ መስመር ጋር ማገናኘት ነው። ይህን ሥራ እንደ ዋዛ የሚያይ ሰው ካለ አጠገቧ ባይቆም ይሻለዋል።

እንግዳ ሲመጣ ታስረዳለች። ማስረዳት ነፍሷ ነው። ሊጎበኝ የመጣ ተማሪም ይሁን መንገድ የጠፋው ነጋዴ ለእሷ ልዩነት የለውም፤ የማሽኑን ሆድ በመዳፏ መታ መታ እያደረገች ትጀምራለች።

«እዚህ ውስጥ ማግኔት አለ። ውሃው ማግኔቱን ያዞረዋል። ማግኔቱ በሽቦዎቹ አጠገብ ባለፈ ቁጥር ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይገፋል፤ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ። የሽቦ ጥቅሎቹ ሦስት ስለሆኑ ሦስት ግፊት ይወጣል፣ ተራ ጠብቆ፣ አንዱ ካንዱ ኋላ። አሁን ደግሞ ያንን መስመር እዩት። በየወንዙና በየግድቡ ያሉ ማሽኖች በሙሉ እዚያ ላይ ተያይዘው እኩል እየዞሩ ነው። ቀድማ የምትሄድ የለችም፣ የምትቀርም የለችም። የእኔዋ ከእነሱ ጋር መግባት ከፈለገች መጀመሪያ እኩል መሮጥ አለባት። በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ከቆምክበት ብትንጠለጠል ጥርስህን ከአስፋልት ላይ ትለቅማለህ። እኩል ሮጠህ ብትረግጥ ግን የቤትህ ደረጃ ነው።»

እንግዶቹ ይስቃሉ። እሷ ደግሞ ቀጣዩን ጥያቄ ትጠብቃለች፤ አንድ ሰው መጠየቁ አይቀርም። ውሃው ድንገት ቢቋረጥስ፣ ትቆማለች?

«የምን መቆም» ትላለች ደስ ብሏት። «አንዴ ከተያያዘች መስመሩ ራሱ ያዞራታል፣ ፍጥነቷም ንቅንቅ አይልም። ያን ጊዜ ሞተር ሆነች ማለት ነው። ስትሰጥ ጄኔሬተር፣ ስትቀበል ሞተር፤ ማሽኗ ግን ያቺው ናት።»

ማሽኗ እኩል መሮጧን የሚናገሩት በሰሌዳው ላይ የተደረደሩ ሦስት አምፖሎች ናቸው። በአንድ ወገን መስመሩ፣ በሌላ ወገን ማሽኗ፣ በመካከላቸው አምፖሎቹ። ሁለቱ ወገኖች ካልተስማሙ አምፖሎቹ ይበራሉ፤ ከተስማሙ ይጠፋሉ። የማሽኗ ፍጥነት ወደ መስመሩ ሲቃረብ ሦስቱም አብረው ቦግ ይላሉ፣ አብረው ይከስማሉ፣ ቦግታቸውም እየዘገየ ይሄዳል። ሌላው ሰው መብራት ሲጠፋ ይበሳጫል፤ እትዬ ቆይ ግን እንጀራዋ ከጨለማው ነው። ሦስቱም ድርግም ባሉበት ቅጽበት ማሽኗን ከመስመሩ ጋር የሚያያይዘውን ብሬከር ታስገባለች። እጀታው ያረጀ በመሆኑ ከተሳበ በኋላ እስኪነክስ ትንሽ ይዘገያል፤ ስለዚህ እጇ ከጨለማው ቀደም ብሎ መነሳት አለበት። አንዱ ጨለማ ካመለጣት ቆይ ትላለች፤ ሌላው ይመጣል። ይሄን ሥራ የሚያበላሽ ጥድፊያ ብቻ አይደለም፤ ሐሳቡ ሌላ ቦታ የሄደ ሰውም ያበላሸዋል።

ማሽኖቹ ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ያለ ዕረፍት ስትሠራ ኖራለች። ሁለተኛዋ ግን ከተሰበረች ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ እሷ በተሰበረች ቀን እትዬ ቆይና ታናሽ ወንድሟም ተሰባበሩ።

ወንድሟ ያን ጊዜ የውሃውን በር ይይዝ ነበር። በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ትልቅ መዘውር ከሰሌዳው ማዶ፣ ከአዳራሹ ጫፍ ነው ያለው። በማሽኖቹ ጩኸት መካከል መነጋገር ስለሚያስቸግር የእህቱን ግራ እጅ እያየ ነበር የሚሠራው። ጣቷ ከፍ ካለ ጥቂት ይከፍታል፤ ዝቅ ካለ ይመልሳል። ለዓመታት እንዲህ ሠርተው አንድ ቀን እንግዶች በተሰበሰቡበት ሁለተኛዋን ሊያስገቡ ሲሉ ብሬከሩ መግባት በሌለበት ሰዓት ገባ። ወለሉ ዘለለ። ማሽኗን ከተርባይኑ ጋር የያዙት ብሎኖች እንደ ገለባ ተቆረጡ፣ የጥቅሎቹም ጫፍ ተገነጣጠለ። ሰው አልተጎዳም፤ እንግዶቹ ግን በሩን ለማግኘት የሚያስረዳቸው ሰው አላስፈለጋቸውም።

ጭሱ ሳይጠራ እትዬ ቆይ «ውሃውን አብዝተህ ከፈትከውና አስቀደምካት» አለችው። እሱም «ዘግይተሽ ነው ያስገባሽው» አላት። ከዚያ በኋላ እርስ በርስ የተነጋገሩት ነገር የለም። ወንድሟ ሥራውን ለቆ ከተማ መካከል የሞተር ጥቅለላ ሱቅ ከፈተ። የተቃጠለ ሞተር ፈትቶ በአዲስ ሽቦ ስለሚጠቀልል ሰፈሩ ጠቅላዩ ይለዋል፤ ሚኒስትርነቱን ራሱ ነው የሚጨምርበት። የሚኖሩት ግን በአንድ ግቢ፣ እናታቸው በመካከል ሆነው ነው። አብረው ማዕድ ሲቀርቡ ጨው የፈለገ «እማዬ፣ ጨው ይለፍልኝ» ይላል፤ ጨው ያለው በእህቱ እጅ ቢሆንም። እናታቸው ጨውን ከአንዱ ተቀብለው ለሌላው ሲያቀብሉ ጸጉራቸው ሸበተ፤ ይሄ የእሳቸው አባባል ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ይቀጥል ነበር፤ ግን ዋናው መሥሪያ ቤት በአንድ ማሽን የሚሠራው ቤት አያዋጣም አለ። ወይ ሁለተኛዋ ተጠግና ጭነት ትይዛለች፣ ወይ ሁለቱም ለብረት ገዢ ተሽጠው ቤቱ ይዘጋል። ያቺን ማሽን ፈትቶ እንደገና መጠቅለል የሚችለው ደግሞ በአካባቢው አንድ ሰው ነው። እትዬ ቆይ ይህን ስትሰማ ሰሌዳዋን ከዳር እስከ ዳር ወለወለች። በኋላ «ይምጣ» አለች፣ ስሙን ሳትጠራ።

መጣ። ለወራት እሱ ከማሽኗ ሆድ ውስጥ፣ እሷ ከሰሌዳዋ ፊት ሳይለያዩ ዋሉ። መልእክት የሚያመላልሱት ሽማግሌው ዘበኛ ነበሩ።

«ጋሼ፣ አንደኛዋ ዛሬ የምትቆመው መቼ እንደሆነ እዚያ ያለችውን ሴትዮ ጠይቁልኝ» ይላል ጠቅላዩ፣ እዚያ ያለችው ሴትዮ ክንዱን ቢዘረጋ የሚነካት ቦታ ቆማ።

ዘበኛው ወደ እሷ ዞር ይላሉ። «ሰምተሻል አይደል?»

«አልሰማሁም።»

«አንደኛዋ መቼ ትቆማለች ይልሻል።»

«ከምሳ በኋላ በሉት።»

«ከምሳ በኋላ ትልሃለች።»

«አልሰማሁም» ይላል እሱ ደግሞ። ዘበኛው ጉልበታቸውን እያሹ ለዚህ ሥራ የተለየ ደመወዝ እንዲታሰብላቸው ይጠይቃሉ። 

የመሞከሪያው ቀን ጠዋት ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ መሐንዲስ መጣ። ረጋ ያለ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ማሽኗን ዙሪያዋን አይቶ ጥቅለላውን አደነቀ፤ ለእትዬ ቆይም ነገሩን ሳይጠመዝዝ ነገራት።

«ዛሬ ጭነት ከያዘች ፈርሜ እሄዳለሁ፣ ቤቱም ይቀጥላል። ካልያዘች ግን እኔ የማደርገው ነገር የለም። ብረት ገዢዎቹ ቀጠሮ ይዘዋል።»

«ትይዛለች» አለች። ያለችው ለማጽናናት አልነበረም፤ እርግጠኛ ነበረች። ቢኳረፉም የወንድሟን ጥቅለላ አታማም።

መዘውሩን ዘበኛው ያዙ። ጠቅላዩ ግድግዳ ተደግፎ እጆቹን አጣምሮ ቆመ። ውሃው ተለቀቀ፣ ማሽኗ ከስምንት ዓመት እንቅልፏ ነቅታ ማጉረምረም ጀመረች፣ ቀስ በቀስም ድምፅዋ ቀጠነ። እትዬ ቆይ ማግኔቱን የሚያጠነክረውን ማዞሪያ እያስተካከለች የማሽኗን ቮልቴጅ ከመስመሩ ጋር አደረሰችው። ከዚያ አምፖሎቹን አበራች።

አምፖሎቹ አብረው አልጠፉም። አንዱ ሲጠፋ ሌላው በራ፣ እሱ ሲከስም ሦስተኛው ቦግ አለ፣ ብርሃኑም ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለለ ዙሪያውን ይሮጥ ጀመር።

«ቆይ» አለች እትዬ ቆይ። እጇን ከእጀታው አነሳች።

እዚያ ያሉት ሁሉ ትርጉሙን ያውቃሉ። አምፖሎቹ በትክክል ታስረው ከሆነ የማሽኗ ሦስት ግፊቶች ተራቸው ከመስመሩ ተራ ተገልብጧል ማለት ነው፤ የአንዱ ሁለተኛ ለሌላው ሦስተኛ ነው። እንዲህ ሆነው ዓመት ቢጠበቁ ሦስቱም አብረው አይጠፉም። በዚህ ሁኔታ ብሬከሩ ቢገባ የዛሬ ስምንት ዓመቱ ፍንዳታ እንደ ሳል ይቆጠራል።

መሐንዲሱ ወደ ሰሌዳው ቀረበ። «ወይ የአምፖሎቹ ሽቦዎች ተዛውረዋል፣ ወይ የማሽኗ። የቱ ነው?»

ዘበኛው ወደ መሬት ተመለከቱ። የአምፖሎቹን ሽቦ በዚያው ሳምንት ያሰረችው እትዬ ቆይ ናት። የማሽኗን ያሰረው ጠቅላዩ ነው። ጉዳዩ እንደገና ከሁለቱ ላይ ወደቀ፤ ወይ እሷ፣ ወይ እሱ።

«አንቺ ልጅ» አሉ ዘበኛው ዝግ ባለ ድምፅ፣ ሰላም ለማውረድ ብለው። «የአምፖሎቹን ሁለት ሽቦ ብትለዋውጫቸውስ? አብረው አይጠፉም እንዴ?»

«አዎ፣ አብረው ይጠፋሉ ጋሼ። ጥፋቱ ከማሽኗ ከሆነም እንኳ አብረው ይጠፋሉ። አምፖልን ማስዋሸት ቀላል ነው። ከዚያ እኔ አምኜ አስገባለሁ፣ ሁላችንም አብረን እንጠፋለን።»

መሐንዲሱ ፈገግ አለ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ከዕቃ ክፍሉ ትንሿን ማራገቢያ አስመጣች። ያቺ ማራገቢያ የራሷ ሦስት ሽቦ ያላት ናት፤ የግፊቱ ተራ ከተገለበጠ አዟዟሯም ይገለበጣል። መጀመሪያ ከመስመሩ ወገን አያያዟት። እትዬ ቆይ የራሷን ሻሽ ፈትታ ከፊቷ ያዘችው፤ ማራገቢያዋ ሻሹን ወደ ውጭ ነፋችው። ከዚያ ከማሽኗ ወገን አያያዟት። ሻሹ ወደ ውስጥ ተሳበ፤ ባትነጥቃት ኖሮ ልትበላባት ነበር።

የተገለበጠችው ማሽኗ ናት። 

ውሃው ተዘጋ፣ ማሽኗም ቆመች። ጠቅላዩ ከግድግዳው ተላቆ ጎንበስ አለ፤ ሽቦዎቹ የሚወጡበትን ሳጥን ከፈተና በባትሪ መብራት ለረጅም ጊዜ አየ። ጫፎቹን ለመለየት ሲጠቀልል የተለያየ ቀለም ያለው ክር አስሮባቸው ነበር። ከዚያ ሁሉንም ቫርኒሽ ሲቀባ ክሮቹም አብረው ተቀብተው አንድ ዓይነት ቡናማ ሆነዋል። ሥራውን ለማሳመር ሲል ምልክቱን ሸፍኖታል፤ ይህን ስሕተት የሚሠራ ሰነፍ ሠራተኛ አይደለም። ቀና አለና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ለመሐንዲሱ ነገረው።

«እኔ ነኝ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አዛውሬያቸዋለሁ። አሁን አስተካክለዋለሁ።»

ይህን ያለው ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ነበር። ከዋናው መሥሪያ ቤት በመጣ ሰው ፊት፣ በሕይወቱ ካገኘው ሥራ በትልቁ ላይ።

እትዬ ቆይ ከዚያ አፍ «እኔ ነኝ» የሚል ቃል ለመስማት ስምንት ዓመት ጠብቃለች። ሲላት የምትመልስለትንም አዘጋጅታ ነበር፤ ልብስ እያጠበች፣ መንገድ እየሄደች፣ ደጋግማ አሳምራዋለች። አሁን ቃሉ ሲመጣ ግን ጣዕም አጣችበት። አፈረች። ያሳፈራት እሱ አልነበረም።

የዚያን ቀን የሆነውን ታውቀዋለች። እንግዶቹ ከበዋት ነበር፣ እሷም እያስረዳች ነበር። «ስትሰጥ ጄኔሬተር» ብላ «ስትቀበል ሞተር» የሚለው ቀርቷት ነበር፤ እጇ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ጠበቃት። ጨለማው መጥቶ ሲያልፍ አይታዋለች። እጇ የተሳበው አምፖሎቹ እንደገና መቅላት ከጀመሩ በኋላ ነበር፤ ጥፋቱንም ከድምፁ በፊት አውቃዋለች። «አብዝተህ ከፈትከው» ያለችው ከድንጋጤ ነበር። በማግስቱ ልታነሳው አሰበች፣ ከሳምንት በኋላም አሰበች፣ ከዚያ ግን ነገሩ ከበዳት። እሱ አሁን በአንድ ትንፋሽ ያለውን እሷ ለስምንት ዓመት ከጉሮሮዋ ማውጣት አልቻለችም፤ እንዲህ ስለቀለለውም ተናደደችበት።

ሽቦዎቹ ተለዋወጡ፣ ማራገቢያዋም ለማረጋገጫ እንደገና ተሞከረች፤ በሁለቱም ወገን እኩል ነፋች። ዘበኛው መዘውሩን ለመያዝ ሲነሱ ጉልበታቸው ጠቅ አለና መልሰው ተቀመጡ።

«መዘውሩን አንተ ያዝ» አለች እትዬ ቆይ።

ጠቅላዩ ከልማድ የተነሳ ወደ ዘበኛው ተመለከተ። ዘበኛው ጣሪያውን ያዩ ነበር። እንግዲያው ሄደና መዘውሩን ያዘ። መጀመሪያ ጎኑን ሰጥቶ ቆመ፤ እንዲህ ሆኖ ግን እጇን ማየት አይችልም። ቀስ ብሎ ፊቱን አዞረ።

ማሽኗ ተነሳች። አምፖሎቹ አሁን አብረው ቦግ እልም አሉ፣ መጀመሪያ በጥድፊያ። እትዬ ቆይ ግራ እጇን አነሳች፣ አንዲት ጣቷንም ቀና አደረገች። ቦግታው ዘገየ። ጣቷን ትንሽ አጠፈች፤ ይበልጥ ዘገየ። እጁ ያው ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ የሽቦ ጫፍ ሲቆጥር የኖረ እጅ መዘውሩን አልረሳም፣ ደስ አላት፣ ደስታዋንም ከራሷ አልደበቀችም።

አንድ ጨለማ መጣና አለፈ። «ቆይ» አለች።

«ይሄ የመጨረሻው ፍጥነት ነው ወይስ…» ብሎ መሐንዲሱ መጠየቅ ጀመረ።

«በኋላ» አለችው። ሰው ጠይቋት «በኋላ» ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

አምፖሎቹ ቀሉ፣ ደበዘዙ። ጨለማው ሙሉ ከመሆኑ በፊት እጇ ተነሳ። እጀታው ተሳበ፣ ብሬከሩ ነከሰ፣ ሦስቱም አምፖሎች ጠፍተው ቀሩ። ወለሉ አልተንቀጠቀጠም። የማሽኗ ጉርምርምታ ከአንደኛዋ ጋር አንድ ሆነ፣ ሌላ ድምፅ አልነበረም።

መግባት ግን ገና ግማሹ ነው። የጭነት መለኪያው መርፌ ዜሮ ላይ ተኝቷል፤ ማሽኗ ከመስመሩ ጋር ትዞራለች እንጂ የምትሰጠው የላትም። አሁን ውሃ ቢጨመርላት ፍጥነቷ አይጨምርም፤ መስመሩ እኩል አድርጎ ይዟታል። የተጨመረው ውሃ ሁሉ ጉልበት ሆኖ ወደ መስመሩ ይወጣል። መሐንዲሱ ዓይኑን ከመርፌው ላይ አላነሳም፤ የሚፈርመው ያ መርፌ ሲነሳ ነው።

እትዬ ቆይ ጣቷን አነሳች። ጠቅላዩ ጥቂት ከፈተ። መርፌው ቅንጣት ታህል ፈቀቅ አለ። እንደገና ጣቷን ከፍ አደረገች። እሱም ክር የምታህል ከፈተና ቆመ። ማሽኗ ጤነኛ ናት፣ ውሃው ሞልቷል፣ መዘውሩ ግን አልሄደም። እጁ የፈራውን እሷ አወቀች። በዚህ መዘውር ላይ ስምንት ዓመት አብዝቶ ከፈተ ሲባል የኖረ ሰው ነው።

ማዶ ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቃት፣ ዘበኛውን ሳያይ፣ በቀጥታ ለእሷ።

«እትዬ፣ አበዛሁ እንዴ?»

እትዬ ቆይ ከሰሌዳው ፊት ወደ እሱ ጥቂት ተራመደች። በማሽኖቹ ድምፅ መካከል እሱ እንዲሰማት፣ መሐንዲሱም ዘበኛውም እንዲሰሙ፣ ጮክ ብላ መለሰችለት።

«አላበዛህም። ያን ጊዜም አላበዛህም፤ እኔ ነኝ ዘግይቼ ያስገባሁት። ጨምር።»

ጠቅላዩ ግንባሩን በመዘውሩ ብረት ላይ ለጥቂት ጊዜ አሳረፈ። ከዚያ በሁለት እጁ ይዞ ጨመረ።